ሦስት ጣት

ወንድሜ የበዓሉን ዶሮ ፈተና አደረገው። ሌላ ሰው ቢሆን ይገርመኝ ነበር፤ እሱ ግን ሥራው ነው። መኪና መንዳት ያስተምራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ፣ እግሩ ሥር በተገጠመችለት ትርፍ ፍሬን ሰው ሲያስቆም ኖሯል። እኛ ቤት ሲመጣም ያችኑ ፍሬን ይዟት ነው የሚመጣው።

«እታለም፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለኝ በስልክ። ወሬውን እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። «ለበዓሉ እመጣለሁ። ዶሮዋን እንደ ድሮው አባባ ይምረጥ። እጁ ካለ፣ ስለ አረጋውያን መጦሪያው ሁለተኛ አላነሳብሽም፣ አንቺው ጋ ይኑር። ከሌለ ግን እወስደዋለሁ። አልጋ ተገኝቷል፤ እስከ በዓሉ ማግስት ይጠብቁኛል።»

«ዶሮ መምረጥና ቤቱ መኖር ምን አገናኛቸው?» አልኩት።

«አንቺ እኮ ነሽ ሁልጊዜ ‘ሌላው ቢጠፋው እጁ አልጠፋም’ የምትይኝ።»

እውነቱን ነው፣ ብዬዋለሁ። ደግሜ ደጋግሜ ብዬዋለሁ። ስለዚህ እሺ አልኩ።

አባታችን አርባ ዓመት ዶሮ ነጋዴ ነበር። የሚሸጠው በየጓሮው ጭራ፣ ትል ለቅማ፣ ከድመት ጋር ተሯሩጣ ያደገችውን ብቻ ነው። የእርባታ ዶሮ ሱቁ ደጃፍ ደርሳ አታውቅም። «እሷ ዶሮ ናት? ላባ ያበቀለች ስፖንጅ!» ይል ነበር። ሰዎች ከሌላ ቦታ የገዙትን ሁሉ ሳይቀር ይዘው እየመጡ «እስቲ ዳብስልን» ይሉታል። ያን ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። ላባዋን ካየ ልቡ ወደ ላባዋ ስለሚሄድበት ነው። መጀመሪያ የደረቷን አጥንት ጫፍ ይጫናል፤ እንደ ጆሮ እጥፍ ካለ ገና ልጅ ናት፣ እምቢ ካለ ዕድሜዋ ገፍቷል። ከዚያ እጁን ወደ ጅራቷ ሥር ይሰዳል። እዚያ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። በመካከላቸው አንድ ጣት ብቻ ከገባ እንቁላል መጣል አቁማለች፣ ትታረድ። ሦስት ጣት ከገባ እንቁላል ላይ ናት፣ ወደ ቤቷ ትመለስ።

እንቁላል ላይ ያለች ዶሮ አትታረድም። የቤታችን ሕግ ይህ ነበር፤ ሌላ ሕግ ኖሮን አያውቅም ማለት ይቻላል። «ነገ ጠዋት የምትሰጥሽን ዛሬ ትበያታለሽ እንዴ? ምን ዓይነት ሆድ ነው?» ብሎ ገዢ አባሯል። እናቴ በዚህ የተነሳ ስንት ቀን እንዳኮረፈችው እኔ ነኝ የማውቀው። እኔና ወንድሜ ፊደል ሳንቆጥር በፊት ያቺን ሦስት ጣት ቆጥረናል። እኔ ተሳካልኝ። ወንድሜን ግን ገና በልጅነቱ «የአንተ እጅ አይሰማም፣ ተወው» አለው፤ ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ዶሮ ነክቶ አያውቅም።

እናታችን ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል። አባቴ መርሳት የጀመረው ያለፉት ሁለት ዓመታት ነው። ምድጃ ለኩሶ ይረሳል። አንዳንድ ቀን እናቴን እመስለውና «የት ቆየሽ?» ብሎ ይቆጣኛል፤ «ወፍጮ ቤት ወረፋ ነበር» ብዬ አልፈዋለሁ። ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ወደ ድሮ ሱቁ ይሄዳል። ሱቁ አሁን ስልክ መጠገኛ ነው። ገብቶ ጠጋኙን «ሽቦውን አጽዳ፣ ኩሱ ሸተተ» ብሎ ያዘዋል። ጠጋኙ ደግ ሰው ሆኖ ወንበር ሰጥቶ ይደውልልኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የምሠራውም ቤቴ ነው። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር ያደረግኩት በሩን እያየሁ እንድሰፋ ነው። ስንት እጅጌ አጣምሜ ሰፍቻለሁ በዚህ ምክንያት። ለወንድሜ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ነገር ግን አንድ ቀን ተማሪ እያስነዳ ሲያልፍ አባታችንን በሌሊት ልብሱ ታክሲ ተራ ቆሞ አገኘው፤ የመጦሪያው ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እጁን ግን አምነው ነበር። ቁራጭ ጨርቅ ከኋላው ሳቀብለው፣ ዞር ሳይል «ጥጥ ነው»፣ «ይሄ ውሸታም ነው፣ ፕላስቲክ አለበት» ይለኛል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ፊቱን አጠብኩት፣ ኮቱን በትክክል አለበስኩት፣ ክንዱን ይዤ ገበያ ወጣን። ገበያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ነው። ገና መግቢያው ላይ አንዱ ነጋዴ «የጓሮ ዶሮ! የጓሮ!» እያለ ይጮሃል። አባቴ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንዷን በእግሯ አነሳት። እግሯ ጭቃ በጭቃ ነው። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገና ጥፍሯን ለሰዉ ሁሉ አሳየ።

«ይቺ መሬት ረግጣ አታውቅም» አለ። «የምትጭር ዶሮ ጥፍሯ ያልቃል። የዚቺ የሙሽራ ጥፍር ነው። ጭቃውን ማነው የቀባት? አንተ ነህ ሚስትህ?»

ሰው ሳቀ። ነጋዴው ዶሮዋን ነጥቆ ሣጥን ውስጥ ከተታት። እኔ ደስታዬን የት ላድርገው! ያ ፍሬን ረጋጭ ወንድሜ እዚህ በነበረ አልኩ በልቤ። አባቴ ደረቱን ነፍቶ ሲራመድ ሃያ ዓመት የቀነሰ መሰለኝ።

ከዚያ ቀጮ ጋ ሄድን። ቀጮ በወጣትነቱ የአባቴ ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜ ሲቀጠር ቀጭን ነበርና ስሙ ተለጠፈበት፤ አሁን ሆዱ ከሱ ቀድሞ ነው ሰላም የሚለው። አባቴን ሲያይ ከበርጩማው ተነሣ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው።

«ጋሼ፣ ይምረጡ። ቤትዎ ነው።»

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ሽቦው ሣጥን አስገባ። የመጀመሪያዋን «አሮጊት» ብሎ ተዋት። ሁለተኛዋን «ገና ልጅ»። ሦስተኛዋን ጥቂት ያዛትና «ታማለች፣ አተነፋፈሷን አልወደድኩትም» አለ። ቀጮ ወደ እኔ እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነትም ያቺን ለይቶ ሊያስወጣት አስቦ ነበር። አራተኛዋ ቀይ ዳማ ናት። ደረቷን ተጫናት። እጁ ወደ ጅራቷ ሥር ሄደ። እዚያ ቆየ። ከልክ በላይ ቆየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሚቆጥር ይመስል ነበር።

«ይቺ ናት» አለ።

ቀጮ ዶሮዋን ተቀበለው። የሱም ጣቶች ልማድ ሆኖባቸው ወደዚያው ሄዱ። ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ... ይቺን እንደገና ቢያዩዋት?»

አባቴ ሳይመልስ እኔ ዘልዬ ገባሁ። «አንተን ማን ያስተማረህና ነው? ዛሬ ሱቅ ስለከፈትክ ልታርመው ነው? እሰር!»

«እታባ፣ እኔ እኮ...»

«እሰር አልኩህ!»

አቀርቅሮ እግሯን አሰረ። ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ አይቻለሁ። እኔም ጣቶች አሉኝ፤ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ዳበስ ባደርጋት ጉዳዩ ያልቅ ነበር። ቤት እስክንደርስ በብብቴ ሥር ይዣት አልዳበስኳትም። ለምን ብባል መልሱ አጭር ነው፤ ፈራሁ።

ቢላ ከአባቴ እጅ ከወጣ ቆይቷል፣ ያረድኳት እኔ ነኝ። እሱ ጓሮ በር ላይ ወንበር አድርጌለት ፀሐይ እየሞቀ ተቀመጠ። በፈላ ውኃ ነክሬ ነጨኋት፣ ጠጉሯን በእሳት ለበለብኩ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኳት።

እጄን ሳስገባ ክብ ነገር ነካሁ። አወጣሁት፤ እንቁላል ነው። ቅርፊቱ የደረቀ፣ ያለቀለት፣ ያን ቀን ከሰዓት በፊት ሊጣል የነበረ። ከኋላው ቅርፊት የሌለው ሌላ አለ፣ በስስ ቆዳ የተጠቀለለ። ከሱ ኋላ አስኳሎቹ ናቸው፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ ከዚያ የሚያንስ፣ በተራ በተራ ተደርድረው። የነገ፣ የከነገ ወዲያ፣ የሚቀጥለው ሳምንት። ሁሉም ገና ሞቃት ነበሩ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከሞተች በኋላ፣ ምን ያደርግልኝ እንደሆነ እንጃ፣ ተነሥቼ ጣቴን በአጥንቶቹ መካከል አስገባሁ። ሦስቱም ገቡ፣ ቦታም ተረፈ። ይህን ሕፃን ልጅ አይስተውም። አልቆ ነበር አባቴ። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እጅጌ ሳጣምም፣ እሱ ጣቱ ድረስ አልቆ ነበር።

«ሆዷ እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ ከውጭ። «ስቧ ቢጫ ነው?»

«ቢጫ ነው አባባ።»

«ብዬሻለሁ!»

ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። «መንገዱ ባዶ ነው፣ አሥር ደቂቃ ውስጥ እደርሳለሁ» አለኝ። በሕይወቱ ቀድሞ መጥቶ አያውቅም። ሌላ ዶሮ ልግዛ ብል ገበያው ሩቅ ነው፣ አባቴን ብቻውን ትቼውም አልሄድ። ቅርፊት አልባውንና አስኳሎቹን በእፍኜ ሰብስቤ ሽንት ቤት ጣልኳቸውና ውኃ ለቀቅኩባቸው። አንዱ አልወርድ ብሎ ሲሽከረከር ሁለተኛ ለቀቅኩበት። ያቺን ባለ ቅርፊቷን አጥቤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ደባለቅኳት። ሌባ ሆኜ አላውቅም፤ የሌባ ስሜት ግን እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ዶሮዋን በየመገጣጠሚያው ቆራርጬ በቀዝቃዛ ውኃ ጣድኳት። የእርባታ ዶሮ በአርባ ደቂቃ ትበተናለች፤ የጓሮዋ ሁለት ሰዓት ተኩል ትፈልጋለች፣ ያውም እሳቱ ሳይቸኩል። አረፋውን በጭልፋ ገፈፍኩ። ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቄ፣ ካሮት፣ ቁንዶ በርበሬ ጨመርኩ፣ ድንቹን ለመጨረሻ አቆየሁት። ወንድሜ ገባና ቀጥታ ወደ አባቴ ሄዶ ጉንጩን ሳመው።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«በዓል ነዋ! ካልሆነ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሳቅን፣ ወንድሜም ሳቀ። እኔ ስለ ጭቃዋ ዶሮ ስጀምርለት አባቴ ከአፌ ነጠቀኝና ራሱ ጨረሰው፤ የሙሽራ ጥፍሩን ሳይቀር።

«የኛዋንስ ማነው የመረጣት?» አለ ወንድሜ።

«ከቀጮ ጋ፣ እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን አለ! ዓይኔን ጨፍኜ።»

ወንድሜ ወጥ ቤት ተከትሎኝ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። መረቁ ላይ ወርቅማ ስብ ተንሳፏል፣ ሽታው ድሮ ሁላችንም ስንኖር የነበረው ነው።

«እጁ አለ ማለት ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አለ» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ክዳኑን መለሰ። «ቃሌ ቃል ነው። ነገ ደውዬ አልጋውን ለሌላ ስጡት እላቸዋለሁ። ይቅርታ እታለም፤ አስቸገርኩሽ።» ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ወጣ። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ምግቡ ቀረበ። ለወንድሜ ጭኑን ሰጠሁት። ለአባቴ ጀርባውን፤ ሁልጊዜ የሚወደው እሱን ነው፣ እየጋጠ ይቆያል። ሥጋው ሙጫ ሳይሆን ሳይበተን፣ ልክ ላይ ነበር። ወንድሜ ሁለት ጊዜ መረቅ ጨመረ። ስለ አንድ ተማሪው ያወራ ነበር፤ ሰውዬው ወደ ኋላ ሲሄድ ዓይኑን ይጨፍናል አሉ።

አባቴ ማኘኩን አቆመ።

አንድ ነገር በምላሱ ሲፈልግ ቆይቶ መዳፉ ላይ ተፋው። አየሁት። ከጀርባ አጥንቱ ጋር ተጣብቀው የቀሩ፣ የስፒል ራስ የሚያካክሉ ቢጫ ፍሬዎች ናቸው። ትልልቆቹን ጥዬ፣ ጎድኗ ሥር የተደበቁትን በጥድፊያ ሳላያቸው ቀርቻለሁ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል አሸት አሸት አደረጋቸው።

«ይቺ እንቁላል ላይ ነበረች» አለ።

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ማነው ይቺን የመረጣት?» ድምፁ የሱቅ ድምፁ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት። ወገቡ ቀና ብሏል፣ ዓይኑ ጠርቷል። «እየጠየቅኩ እኮ ነው! ነገ ልትሰጥ የነበረችን ዶሮ ማነው እዚህ ቤት ያሳረዳት? ማነው እጁ የሞተው?»

ዓይኑን ከእኔ ወደ ወንድሜ፣ ከወንድሜ ወደ እኔ አመላለሰው። አላስታወሰም። ከጥቂት ሰዓታት በፊት ደረቱን ነፍቶ የነገረንን አላስታወሰም። «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ወንድሜ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አንተ?»

«አዎ። አልሰማኝም። አንድ ጣት መሰለኝ።»

«አንድ ጣት!» አባቴ ጠረጴዛውን መታው፣ መረቁ ፈሰሰ። «አንተማ ዱሮም አይሰማህም! አንተን ማነው የላከህ? እጁ የማይሰማ ሰው ቤቱ አርፎ ይቀመጣል! ሰው እህል እንዲሰጠው ይጠብቃል እንጂ ገበያ አይወጣም! ገባህ?»

«ገባኝ አባባ። እሺ።»

ወንድሜ አባታችንን እሺ ብሎት አያውቅም። በጥርስ ቡርሽ ሳይቀር የተጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው። ወደ እኔ ዞሮ «ዋሸሽኝ» እስኪለኝ ስጠብቅ፣ አንገቱን ደፍቶ ስድቡን በሙሉ ተቀበለው፣ ከዚያ ናፕኪን አንሥቶ የአባቴን መዳፍ ጠረገለት። ቢጮህብኝ እከራከረው ነበር። የምከራከርበት ነገር ይዤ ነበር፣ ሌሊቱን ሁሉ ስደረድረው ያደርኩት። ያን ሲያደርግ ግን ተነሥቼ የፈሰሰውን መረቅ መጥረግ ጀመርኩ።

አባቴ ሳህኑን ገፋ። «አልበላም» አለ። መስኮቱን እያየ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበውና መብላት ጀመረ። ጋጠ፣ ጣቱን ላሰ፣ ቀና ብሎ ፈገግ አለልን።

«ጥሩ ዶሮ ናት። ማነው የመረጣት?»

«አንተ ነህ አባባ» አለው ወንድሜ።

«እጅ ነዋ!» አለ አባቴ።

በልቶ ሲያበቃ ሶፋው ላይ ጋደም አለ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩበት። ወጥ ቤት ስገባ ወንድሜ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያጥባል። ጨርቅ አንሥቼ አጠገቡ ቆሜ ማድረቅ ጀመርኩ። አንድ ሳህን ሰጠኝ፣ ሌላ ሰጠኝ።

«ነገ ደውዬ አልጋውን አቆዩልኝ እላቸዋለሁ፤ ሰኞ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ ሳያየኝ።

«ማክሰኞ አድርገው» አልኩት። «ሰኞ ልብሱን አጥባለሁ።»